እየጀመረ የሚያቆመው ኤሲ

አንድ ሾፌር ነበረ። አትሳቂ! «ባሌ ሁለት ቃል ይናገርና ዝም ይላል፤ እስኪናገር ድረስ ልጨቅጭቀው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? እኔ ደግሞ የሚመጣልኝ ሾፌሩ ነው።

የዚህ ሾፌር ሚስት አዳማ ወለደችለትና አራሷንና የአራት ቀን ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አማቱ ከኋላ ተቀምጠዋል። ቆላው እየቀረበ ሲመጣ ሙቀቱ ባሰ። መስኮት እንዳይከፍት አማቱ «ንፋስ ልጁን ሊመታብኝ ነው!» ብለው ቀዳዳውን ሁሉ በነጠላቸው ወትፈውታል። እዚያ መኪና ውስጥ ዶሮ ብትሳፈር ተቀቅላ ነበር የምትወርደው። አጋነንሽ በይኝ። እንቁላሏም ጭምር!

ተስፋው ኤሲው ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ትንሽ ቀዝቃዛ አየር እፍ ይልና፣ ቀጭ! ይቆማል። እንደገና ይነሳል፤ ቀጭ! ሾፌሩ ዳሽቦርዱን በጥፊ አለው።

«ምን ትመታዋለህ?» አሉ አማቱ። «ካንተ ነው የተማረው። መጀመር እንጂ መጨረስ መች ታውቃለህ?»

ሚስቱ እንኳ ልትስቅ ነበር። ግን ሕፃኑ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ ጡት እንቢ አለ፣ ኋላማ ማልቀሱንም ተወው። ያኔ ሾፌሩ ነዳጁን ረገጠው።

መተሐራ ሲደርስ ዛፍ ሥር የሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ አየና አቆመ። አራሷን ከነልጇ ጥላው ሥር አስቀመጧት፤ ሕፃኑም ትንሽ ቆይቶ ጡት ያዘ። ቀሪው መንገድ ግን ከዚህም የባሰ ሙቀት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ኤሲውን የሚያዞረው ሰነፍ ኮምፕሬሰር እንዳያቋርጥ በሽቦ በቀጥታ ያገናኙልኝ» አለ። መልስ ሳይጠብቅም ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦ በጥርሱ ልጦ ሊያገናኝ እጁን ሰደደ።

ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«ቆይ ልጄ። ማን ሰነፍ ነው አለህ? የሚያቀዘቅዘው ጋዝ አንሶት ነው። ባዶውን ከሮጠ ዘይቱ አይደርሰውም፣ ይቃጠላል። ራሱን ለማዳን ነው የሚያቆመው። አንተ ደግሞ እንዳያርፍ ልታደርገው ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«በየት በኩል እንደሚወጣበት እንፈልግ።»

የሳሙና ውሃ አምጥተው በአሮጌ የጺም ብሩሽ ቧንቧዎቹን ቀስ እያሉ ቀቡ። ሾፌሩ ላቡን እየጠረገ አጎንብሶ ያያል። ምንም የለም፣ ምንም የለም... አንዱ መጋጠሚያ ላይ ሲደርሱ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«ይኸውልህ። ሲያመው የከረመው እዚህ ጋ ነው።»

ያለቀችውን የጎማ ቀለበት ለወጡ፣ የገባውን አየር ስበው አወጡ፣ ጋዝ ሞሉ። ኤሲው ተነሳ። ጠበቁት፤ አላቋረጠም። ሾፌሩ ማንም ያላየው መስሎት ዳሽቦርዱን በመዳፉ ዳበስ አደረገው።

«አሃ፣ ይቅርታ መጠየቅ ትችላለህ ለካ!» አሉ አማቱ። «እኔን ስትጠይቅ አይቼህ አላውቅም።» አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሄዱ ደግሞ፣ «ቀንሰው አንተ፣ ብርድ ልታስመታን ነው!» ሕፃኑ ግን እጁን ዘርግቶ እንቅልፉን ይለጥጣል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ ልጄ። ባልሽ እናቱን ከቀበረ ገና ሦስት ወሩ ነው። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሲቀበል፣ እህቶቹን ሲያባብል፣ እሱ ራሱ አንዲት ቀን እንኳ አላለቀሰም። ሁለት ቃል ተናግሮ ዝም የሚለው ጠልቶሽ አይደለም፤ የቀረችው አቅም ያቺው ብቻ ናት። ጨቅጭቀሽ ካስለፈለፍሽው እሷንም ታቃጥያታለሽ። ዛሬ ሲገባ «ምነው ዝም አልክ?» አትበይው። አጠገቡ ቁጭ በይና ስለ እናቱ ጠይቂው፤ ምን ይወዱ ነበር፣ ሲስቁ እንዴት ነበሩ በይው። እንባው ከመጣ አትደንግጪ፣ ቶሎ ብለሽም አትጥረጊለት፤ የሚወጣበትን ቦታ አገኘሽው ማለት ነው። ከዚያ በፍቅር መሙላቱ ደግሞ ያንቺ ፈንታ ነው፤ እሱን እንኳ እኔ አሮጊቷ አላስተምርሽም።