የትርንጎ ቀይ በርበሬ

በእኛ ገበያ በርበሬ ተራ ትንሽ ከቆማችሁ አንዲት አባባል ትሰማላችሁ። ገዢዋ ስልኳን አውጥታ የበርበሬውን ቀለም ፎቶ ስታነሳ፣ ከሻጮቹ አንዷ ያችን አባባል ጣል ታደርጋለች፤ ሌሎቹ ይስቃሉ፤ ገዢዋ ግራ ይገባታል። ከየት እንደመጣች ብትጠይቁ ግማሾቹ «ከጥንት ጀምሮ ያለች ናት» ይሏችኋል። ውሸት! ምን ጥንት አለ? ገና አራት ዓመቷ ነው። ስትወለድ እኔ በርጋ ባለወፍጮው እዚያው ቆሜ ነበር። ድምፄ ከፍ ቢልባችሁ ተቆጣ እንዳትሉኝ፤ ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ሥር የኖረ ሰው በሹክሹክታ ማውራት አይሆንለትም። ትንሽ ግን ተቆጥቻለሁ፣ አልዋሽም።

ትርንጎ ከወፍጮ ቤቴ ፊት ለፊት በርበሬ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚያው በርበሬ ነው። አሠራሯን እኔ ነኝ የማውቀው። ከማረቆ የመጣውን ዛላ አንድ በአንድ ትቀነጥሳለች፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ወቅጣ ታምቀዋለች፤ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ ከዚያ ታምሰዋለች፤ ኮረሪማውንና አዝሙዱን ለየብቻ አምሳ ታዋህዳለች። እንዲህ የተለፋበት በርበሬ እንደ ሊፒስቲክ አይቀላም። ጠቆር ይላል። የእሷ ሲፈጭ በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ያስነጥስና፣ «ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ነው ድግሱ?» ይላል።

ከዚያ ፋሽኑ መጣ። በየሱቁ የታሸገ በርበሬ ተደረደረ፤ ላስቲኩ ያብረቀርቃል፣ ላዩ ላይ የዶሮ ወጥ ሥዕል አለበት፣ ውስጡ ደማቅ ቀይ። ክፉ አልናገርም፣ ከታሸገውም ደህና ደህና አለ። ችግሩ ሰዉ ነው። ሰዉ ቀለም መግዛት ጀመረ። የትርንጎ ደንበኞች መጥተው ያዩና፣ «ይሄማ ጠቁሯል፣ የከረመ ነው መሰለኝ» ብለው ይሄዳሉ። «ኧረ ቅመሱት!» ትላለች፤ ማን ሰምቷት! ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ በርበሬ ቤቷ ተቀመጠ። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት በራፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ጋሼ በርጋ፣ እስከ ፋሲካ ካልተሸጠልኝ ቦታዬን ለቅቄ ሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ» ስትለኝ አንጀቴን በላችው።

በዚህ መሀል ፈለቀች መጣች። ፈለቀች ጎረቤታችን ናት፤ ደግ ሰው፣ ግን ችኩል። ልጇን ልትድር ነው፤ ድግሱ ለአራት መቶ ሰው ነው።

«ትርንጎ፣ የድግሱን በርበሬ ካንቺ ነው የምወስደው» አለች። «ግን ቀይ ይሁንልኝ። እንደ ሱቁ። ቪዲዮ አለ፣ ፎቶ አለ፤ ወጡ ጥቁር ሆኖ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«ፈለቀች፣ ቅመም የገባበት በርበሬ እኮ...»

«እሱን እኔ አላውቅም። ካልቀላ ከሱቅ እገዛለሁ።»

ትርንጎ ያልተሸጠውን በርበሬዋን አየት አደረገች። ልብስ ማጠቡ ትዝ ብሏት ይሆናል። «እሺ፣ ይቀላል» አለች።

አሁን ልብ በሉ። በእኛ ዘንድ የድግስ በርበሬ እንዲሁ አይወሰድም። ሻጯ ደጋሹ ቤት ሄዳ አንድ ጭልፋ ሽንኩርት ታቁላላለች፣ ከበርበሬው ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች፣ የቤቱ ሰው በእንጀራ ይቀምሳል፤ ከዚያ ነው «ይባረክ» የሚባለው። ቅምሻ እንለዋለን። በሳምንቱ ቀዩ በርበሬ ሲደርስ ፈለቀች በሁለት እጇ ዝግን አድርጋ አየችና እልል አለች። ቅምሻውን ብትጠየቅ፣ «ምን ያደርጋል? አይታይም እንዴ! አበባ እኮ ነው!» ብላ አስጭና ሄደች።

የፈጨሁት እኔ ነኝ። ሲፈጭ አንድም ሰው አላስነጠሰም። ያኔ ገባኝ፤ ትርንጎ ለማቅላት ብላ አላመቀችውም፣ አላመሰችውም፣ ኮረሪማውንም ለስም ያህል ነው ያስነካችው። ቀና ብዬ አየኋት፤ አቀረቀረች። እኔም አፌን ዘጋሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የዚያን ቀኑ የእኔ ዝምታ ግን አመድ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላልህ ብሎኝ ከረመ።

የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ዳስ ልንተክል ፈለቀች ግቢ ተሰብስበናል። ትርንጎም ሽንኩርት ልትከትፍ መጥታለች፤ ፊቷ የታማሚ ፊት ነው። የወጡ አዛዥ እማማ ዘርፌ ናቸው። እማማ ዘርፌ የሰፈሩን ድግስ ሁሉ የሠሩ ባለሙያ ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከጥላ በቀር አያዩም። ምላሳቸው ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የማንንም ጨው አይምርም!

አምስት ትልልቅ ብረት ድስት ሽንኩርት እየተቁላላ ነው። እማማ ዘርፌ ቁጭ ብለው፣ «በርበሬውን አምጡት፣ ሽንኩርቱ ደርሷል» አሉ። ማዳበሪያው ተፈታላቸው። እጃቸውን ሰደዱ፣ በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። እንደገና አሸተቱት። ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በርበሬ ነዋ እማማ!» አለች ፈለቀች። «እንዴት እንደሚያምር ቢያዩት!»

«እኔ ምን አያለሁ ልጄ? የማይ ብሆንማ እንዳንቺ አምሮኝ ነበር። ኮረሪማው የት ሄደ? ያልታመሰ በርበሬ እኮ ነው! ይሄን ወጥ ብዬ ላራት መቶ ሰው ላቅርብ? ሆዱን ይዞ የሚያድረው እንግዳ ማንን ነው የሚረግመው፣ እኔን አይደለም? የማን እጅ ነው ይሄ?»

ትርንጎ ቢላዋዋን አስቀምጣ ተነሳች።

«የኔ ነው እማማ» አለች። «ቀለሙን ብዬ ሙያዬን ሸጥኩ።»

«ወይኔ ጉዴ!» ፈለቀች ራሷን ያዘች። «ነገ ሙሽራ ይመጣል! አማቾቼ ይመጣሉ! ወይኔ ልጄን!»

ትርንጎ «አንቺ ነሽ ያዘዝሽኝ» ብትል ማን ይፈርድባት ነበር? አላለችም። እኔን ነው ያላስቻለኝ። «እኔም አለሁበት!» ብዬ ጮህኩ፤ በዚህ ድምፄ ዳሱ ሊወድቅ ነበር። «ስፈጨው አውቄ ዝም ብያለሁ! ግን ምን ያስለቅሳል? የትርንጎ ጥቁሩ በርበሬ ሁለት ማዳበሪያ ቤቷ ተቀምጦ የለም እንዴ?»

ትርንጎ አፏን ያዘች። እውነት ረስታው ነበር! ሰው ሁሉ ሲጠየፍባት ጊዜ እሷም እንደ በርበሬ መቁጠሩን ትታ ነበር።

ባጃጅ ጠርተን በረርን። ስንመለስ እማማ ዘርፌ ሽንኩርቱ እንዳያርባቸው ውሃ ጠብ እያደረጉ ሲሳደቡ ደረስን። የመጀመሪያው ጭልፋ ጥቁር በርበሬ ድስቱ ውስጥ ሲገባ ዳስ የሚተክለው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ሁሉም አስነጠሰ። እኔ በሕይወቴ በማስነጠስ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ቅቤው ሲጨመርበት ወጡ ቀላ፤ ደግሞ እንዴት ያለ መቅላት! ፈለቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትስቃለች፤ ትርንጎን አንገቷን አቅፋ፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች። እኔም ያን ሁሉ ቀን አልወርድልህ ያለኝ እህል በዚያች ቅምሻ ወረደልኝ። አራት እንጀራ በላሁ።

ቀዩን ማዳበሪያ ትርንጎ ራሷ ባጃጁ ላይ አስጫነችው። «ኮረሪማውን ጨምሬ፣ አምሼ፣ እንደገና እሠራዋለሁ» አለች። ፈለቀች በሩ ላይ ቆማ ማዳበሪያው ሲወጣ እያየች፣ «ይገርማል፣ እኔ እኮ የገዛሁ መስሎኝ ነበር» አለች።

እማማ ዘርፌ ጭልፋውን ላሱና ድስቱን እንደከደኑ፣ ዞር ሳይሉ፣ «አዬ ልጄ፣ ዓይን ይገዛል፣ ምላስ ይመልሳል» አሏት።