የሾላ ምንጩ ጉባኤ እንዴት ወደ ጥር ተላለፈ?

በሾላ ምንጭ አገር ድግስ ደርሶ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ፣ ሽማግሌዎች አንዲት አባባል ጣል ያደርጉና ቀኑ ይለወጣል። አባባሏ ዝም ብላ አልተወለደችም። ለመወለዷ ምክንያት የሆኑት ባላምባራስ ይርዳው የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ያውም ሳይወዱ።

ባላምባራስ በየዓመቱ በኅዳር ማብቂያ የሚደረገው የዘፈንና የግጥም ጉባኤ አዛዥ ነበሩ። በዚያ ቀን የአካባቢው ባለ መሰንቆ፣ ባለ ዋሽንትና ፎካሪ ሁሉ ሾላ ምንጭ ይከተታል። እሳቸውም አንድ ግጥም ያቀርባሉ። ነገሩ በሆነበት ዓመት የሚያቀርቡትን ከፋሲካ ጀምሮ ሲያጠኑት ስለከረሙ ሚስታቸው እንኳ በቃሏ ትወጣው ነበር። ግጥሙ ስለ መረዳዳት ነው።

ጉባኤው ሳምንት ሲቀረው ንዳድ ገባ። በሦስት ቀን ውስጥ ዐሥራ አንድ ሰው ተኛ። ከተኙት አንዱ ጎሽሜ ነበር፤ ሲፎክር ተራራ የሚመልስለት፣ የጉባኤው ጌጥ። በሽተኛ በማስታመም የታወቁት አሮጊቷ እማማ ትርንጎ ከቤት ቤት ሲዞሩ ሰንብተው፣ ዳስ ወደሚያስጥሉት ባላምባራስ መጡ።

«ባላምባራስ፣ ጉባኤው ወደ ጥር ይተላለፍልን» አሉ። «ወንዙ ሩቅ ነው፤ ውኃ የሚቀዳ ሰው አጣሁ። ወንዱ ዳስ ይጥላል፣ ሴቱ ጌሾ ይወቅጣል፣ የበሽተኛው ከንፈር ደርቋል።»

«እኔስ የማስበው ለበሽተኛው አይደለም እንዴ እማማ? የታመመ ሰው ዘፈን ሲሰማ ልቡ ይበረታል።»

«ዘፈን ይጠጣል?»

ባላምባራስ ተቆጡ። «ይህ ጉባኤ አንበጣ በወረደ ጊዜ እንኳ አልተላለፈም! ጎረቤቶቻችን ደጋ ጉልቶች ቢሰሙ ምን ይሉናል?»

«እንግዲያው ለጎሽሜ እንኳ ሁለት ሰው ይስጡኝ። ሚስቱም ታማ ከእናቷ ቤት ተኝታለች፤ አጠገቡ ሰው የለም።»

«የጉባኤው ማግስት ሃያ ሰው እሰጥዎታለሁ!» አሉና ወደ ዳሱ ዞሩ።

ቀኑ ደረሰ። ባላምባራስ ከማለዳ ጀምሮ ብርድ ብርድ ሲላቸው ነበር። «ደስታ ነው፤ ካቀረብሁት ይለቀኛል» ብለው ሁለት ኩታ ደረቡ። ደጋ ጉልቶች መጡ፤ ከራሱ ከሾላ ምንጭ ግን ግማሹ ቦታ ባዶ ነበር። እማማ ትርንጎ አሁንም ውኃ ቀጂ ሊለምኑ ዳሱ በር ላይ ቆመዋል። ባላምባራስ አዩአቸውና እንዳላዩ ሆነው ወደ መድረኩ ወጡ።

«ሰው ለሰው ምርኩዙ፣ ሰው ለሰው መሸሻው፣
ወድቆ ለተገኘ፣ ሌላ ሰው ነው ማንሻው!»

ይህን ሲሉ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተመልካቹ «እሰይ!» አለ። ባላምባራስ እስክስታ ሲወርዱ ታይተው አያውቁም። ትከሻቸው በባሰ ቁጥር ባለ መሰንቆው ምቱን እያፈጠነ ተከተላቸው፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ባላምባራስ «ኧረ በቃኝ!» ለማለት አፋቸውን ቢከፍቱ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ቃሉን በላባቸው። በመጨረሻ በግንባራቸው ተደፉ። ያን ጊዜማ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ አወዳደቁ ከግጥሙ ጋር የገጠመ መስሎታል።

«ተዉ! ተዉ እንጂ!» ብለው እማማ ትርንጎ ሕዝቡን እየጣሱ ገቡ። «ይኼ እስክስታ አይደለም፤ ንዳድ ነው!»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አላዘዘም። የዳሱ ጉዝጓዝ ፍራሽ ሆነ፤ በሽተኛው ከየቤቱ በቃሬዛ እየመጣ እዚያው ተኛ። ባለ መሰንቆው መሰንቆውን አስቀምጦ እንስራ አነሣ። ይስቁብናል የተባሉት ደጋ ጉልቶች አምስት ቀን ሙሉ ውኃ ሲቀዱና አጥሚት ሲያጠጡ ሰነበቱ።

ጎሽሜን ሊያመጡ የሄዱት ግን ቃሬዛውን ባዶውን መለሱት።

ባላምባራስ ትኩሳቱ ሲለቃቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ጎሽሜ ነበር። እማማ ትርንጎ ነገሯቸው።

«ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ?»

«ማንም። ሁሉ ሰው እርስዎን ይሰማ ነበር።»

ባላምባራስ ፊታቸውን ወደ ዳሱ ጥግ አዞሩ፤ እስኪመሽም አልመለሱትም።

ሰው ግን ሲድን ይረሳል። በጥር ጉባኤው እንደገና ተጠራ። ባላምባራስ አዲስ ኩታ ለብሰው መድረኩ ላይ ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወገኖቼ፣ ለሕዝባችን ጤና ስንል ጉባኤውን ወደ ዛሬ ማስተላለፋችን ምን ያህል ብልህነት እንደነበረ...»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከደጋ ጉልት የመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ እማማ ትርንጎ ጠጋ ብለው «ያስተላለፉት እሳቸው ናቸው እንዴ?» ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቁ። እማማ ትርንጎ ፊት ለፊታቸው ጥቁር ለብሳ የተቀመጠችውን የጎሽሜን ሚስት ትንሽ ተመለከቱና፣ ባላምባራስም እስኪሰሙ ድረስ፣ «ዘፈን ቢያድር ይዘፈናል፤ በሽተኛ ቢያድር ይቀበራል» አሉ።