አያ ጅቦና ባምፐሯ የተለየው መኪና

አንድ ጊዜ፣ አራዊት መኪና መንዳት በለመዱበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ነበረ። ታሪኩን ከሰማሁት ስለቆየ አንዳንዱን ልስት እችላለሁ፤ የመኪናዋ ቀለም ነጭ ይሁን ብርማ እንኳ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። እንዳልሳሳት እየፈራሁ ነጭ ብያለሁ።

በዚያ ጫካ ሙሽራ የምትሄደው በአያ ጅቦ አሮጌ መኪና ነበር። ሌላ መኪና አልነበረማ! የሙሽራ መኪና ለነዳ ደግሞ የሰርጉ ሰንጋ ሻኛ ይሰጠዋል። አያ ጅቦ ሰርግ በተባለ ቁጥር ምራቁን የሚውጠው ለዚህ ነበር።

ታዲያ አያ አንበሳ ልጁን ሊድር በተሰናዳበት ሰሞን አህያ አዲስ መኪና ገዝታ መጣች። የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሣም። የጫካው ነዋሪ ሁሉ ወጥቶ ከበባት፤ «እንኳን ደስ አለሽ!» «በሰላም ንጂያት!» እያለ መረቃት። አያ አንበሳም መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «ልጄ የምትሄደው በዚህች ነው» አለ።

የአያ ጅቦ ሆድ ተቃጠለ። «ትናንት እህል ስትሸከም የነበረች አህያ ዛሬ ሙሽራ ልትሸኝ! ሻኛዬስ?» እያለ ሲብሰለሰል ዋለ። ምግብ አልበላ አለው፤ ለጅብ ይህ ከባድ ሕመም ነው።

በማግስቱ ሄዶ መኪናዋን በጠራራ ፀሐይ ዞራት። አንዴ ተንበርክኮ፣ አንዴ አንገቱን አጣሞ አያት። ድንገት ጥርሱ ሁሉ ተገለጠ።

«እሜት አህያ፣ ነይ እስቲ! የፊቱ ባምፐር ከቦዲው ጋር አንድ አይደለም። ይኸው ወደ ቢጫ ይወስደዋል። የኋላውም እንደዚሁ!»

«አውቃለሁ አያ ጅቦ» አለች አህያ። «ባምፐሩ ፕላስቲክ፣ ቦዲው ብረት ስለሆነ ቀለሙ እኩል አይታይም ብለውኛል። ከፋብሪካ ስትወጣም እንዲሁ ናት።»

«ሞኝ! አታለውሻል። ተጋጭታ የተቀባች ናት!»

«እኔ እንደሆንኩ ስነዳት ባምፐሯን አላየው» አለችና ወደ ሣሯ ተመለሰች።

ይህ መልስ ይበልጥ አንገበገበው። ሮጦ አያ አንበሳ ዘንድ ገባ።

«ጌታዬ፣ ልጅዎን በተጋጨች መኪና ሊሸኙ ነው? ቀለሟ ሁለት ዓይነት ነው! እንግዳው ምን ይላል? የእኔዋ ብትቀባ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ትሆናለች።»

አያ አንበሳ ስሙ በክፉ እንዳይነሳ ይፈራል። «እንግዲያው በሰርጉ ጠዋት ሁለታችሁም ዳሱ ድረስ እየነዳችሁ አምጧቸው። አይቼ እመርጣለሁ» አለ።

አያ ጅቦ በቀጥታ ቀለም ቀቢው ቀበሮ ዘንድ ሄደ። ቀበሮ ግን ቀድሞ ከአህያ ጋር ተነጋግሯል፤ እሷ ሥጋ ስለማትበላ፣ ሙሽራዋን ከሸኘች ሻኛውን ለእሱ ልትሰጠው ቃል ገብታለታለች።

«የአህያ መኪና የተነቀፈችው በምንድን ነው?» ሲል ጠየቀው።

«ባምፐሯ ስለተለየ ነዋ!»

«ያንተዋስ? ቦዲዋ ነጭ ነው እንበል። መስታወቷ ቀለሙ ምንድን ነው?»

አያ ጅቦ መኪናውን አየ። «ኧረ ቀለም የለውም!»

«አያ አንበሳ ይህንን ሳያዩ ይቀራሉ ብለህ ነው?»

«ቀባው! መብራቱንም፣ ስፖኪዮውንም፣ ጎማውንም ቀባልኝ! የሚለይ ነገር እንዳይገኝባት!»

«አያ ጅቦ፣ በኋላ እንዳትወቅሰኝ። እኔ መስታወቱ ይቀባ የሚል ቃል አልወጣኝም።»

«ቀባ ስልህ ቀባ!»

የሰርጉ ቀን ጠዋት መኪናዋ እንደ ወተት ነጥታ ተገኘች። አያ ጅቦ ሲገባባት ፊት ለፊቱ ነጭ፣ ግራ ቀኙም ነጭ ሆነበት። የጎኑን መስታወት ዝቅ አድርጎ አንገቱን ቢያወጣ መንገዱን ያይ ነበር። ነገር ግን «መስታወቱ ከወረደ የውስጡ ጥቁር ታይቶ ቀለሟ ይለያያል» ብሎ ፈራ። «መንገዱን እንደሆነ አውቀዋለሁ» አለና ነዳ።

ዳሱ ጋ መድረሱን ያወቀው ምሰሶውን ሲመታ ነው። ዳሱ ከነቅጠሉ ተደረመሰበት። ሚዜዎቹ እየጮኹ ተበታተኑ።

«ማን ነው ይሄ?» ሲል አያ አንበሳ አገሳ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ከውስጥ። «ቀለሟን ይዩልኝ! የሚለይ ቦታ አለ?»

«የለም» አለ አያ አንበሳ። «ግን መንገድ ለማያይ ሹፌር ልጄን አልሰጥም።»

ሙሽሪት ባምፐሯ በተለየው መኪና ሄደች። ሻኛውን ቀበሮ በላው።

ስለ አያ ጅቦ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ከሰርጉ ቀጥሎ በዋለው የገበያ ቀን ነው። መንገድ ዳር ቆሞ የፊት መስታወቱን በጥፍሩ ይፍቅ ነበር አሉ። አህያ በዚያ ስታልፍ አዝናለት ቆመችና፣ «አያ ጅቦ፣ ላግዝህ?» አለችው። እሱ ግን ቀና ብሎ መኪናዋን ሲያይ ዓይኑ ቀላ፤ «መስታወትሽ ደግሞ እንዴት ነው የሚያበራው! ለአንቺ ብቻ ነው እንዴ የሚጠራው?» አላት። ከዚያ ወዲህ ያለውን አልሰማሁም።

ከዚህ የምንማረው፣ ምቀኛ በሌላው ላይ እንከን ሲፈልግ የገዛ መንገዱን የሚያይበትን በራሱ እጅ እንደሚጋርድ ነው።