ጸሎቱ ነው መድኃኒቱ?

በአንዲት ከተማ የመጠጥ ሱስ የያዛቸው ሰዎች የሚታከሙበት ቤት ነበረ። ጠዋት ነርሷ መድኃኒት ትሰጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ። የቤቱን ውጤት ሊገመግሙ የመጡት ኃላፊ አቶ ዘርጋው፣ ዓመት ሙሉ መጠጥ ያልቀመሰ አንድ ሸማኔ በሰው ሁሉ ፊት አስነሥተው፣

«አንተ ሰካራም! ያዳነህ ጸሎቱ ነው መድኃኒቱ? አንዱን ብቻ ተናገር፤ ሌላውን ዛሬውኑ አስቀራለሁ!» አሉት።

ነርሷና ቄሱ ደንግጠው ተያዩ። ሸማኔው ግን እጅ ነሥቶ፣

«ጌታዬ፣ መጠጡን ያስተወኝ መድኃኒቱ ነው። አሁን ‹ሰካራም› ሲሉኝ እጄን የያዘልኝ ደግሞ ጸሎቱ ነው። ጸሎቱን የሚያስቀሩት ከሆነ፣ እባክዎ አስቀድመው ትንሽ ራቅ ይበሉልኝ» አላቸው።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ዘርጋው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው፣ «ሁለቱም ይቀጥሉ» ብለው ጻፉ።