ውሃ የሚጠራ እጅ

ታንኳ የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ።

ቁጭ በል እንጂ ምንይችል፤ መልስህን ነው የምነግርህ። ሲስተር ዛሬም ወግ ጀመሩ ብለህ ሰዓትህን አትይብኝ። ጤና ጣቢያ ድረስ መጥተህ የጠየቅኸኝን በደንብ ሰምቻለሁ። ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ አለች። ደብተሮቿን ለጓደኞቿ አከፋፍላ «ከእንግዲህ አያስፈልጉኝም» ብላለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከማንም ጋር ምሳ አልበላችም። አንተ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ነህና ራሷን ልታጠፋ አስባ ይሆን ብለህ ፈርተሃል። በግልጽ ብጠይቃት ደግሞ ያላሰበችውን አሳስባት ይሆን ብለህ ሌላ ፍርሃት ጨምረህበታል። አሁን ከማን ጋር ናት? ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ጋር? ጎሽ፣ ብቻዋን አለመተውህ ጥሩ ነው። እንግዲያው አሥር ደቂቃ አለን፤ ስማኝ።

ይህ ሰው ሐይቅ ዳር ነበር የሚኖረው። ታንኳውን የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል በውሃ ዳር የሚበቅል፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የሆነ ረጅም ሣር ነው። ያጭደዋል፣ ያደርቀዋል፣ ነዶ ነዶውን እየጠፈረ ታንኳ ያደርገዋል። ምስማር የለው፣ ሳንቃ የለው። የደንገል ታንኳ ታዲያ አንድ ጠባይ አላት፤ ውሃ ትጠጣለች። ሲሠሩባት ውለው ከውሃው አውጥተው ፀሐይ ላይ ካላቆሟት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጠጣች ትከብዳለች። ላይዋን ስታየው ያው ነው። ሆዷ ግን ሞልቷል። እርጥብ ታንኳን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አያነሳትም፤ ሁለት ሦስት ሆነው እየተጠራሩ ነው የሚያወጧት።

ሰውየው አንድ ልማድ ነበረው። ማንም ጭነት ጭኖ ከመነሳቱ በፊት ውሃው ውስጥ ይገባና የታንኳዋን ሆድ በጡጫው ጫን ያደርገዋል። ደረቅ ከሆነች ምንም የለም። ውሃ የጠጣች ከሆነች ከደንገሉ መካከል ውሃው ፍልቅ ይላል። ያን ጊዜ «ይቺ ዛሬ አትሄድም፤ ትድረቅ» ይላል። ሥራው ይኸው ነው።

የመንደሩ ሰው ነገሩን እንዴት እንደተረዳው ልንገርህ። ሰውየው እጁን ሲያሳርፍ ውሃ አዩ። እጁን ሳያሳርፍ ውሃ አላዩም። ስለዚህ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የዚህ ሰው እጅ ውሃ ይጠራል!» አሉ። አይ ሰው! አንድ ቀን ደግሞ እሱ «ትድረቅ» ያላትን ታንኳ ባለቤቷ አልሰማም ብሎ ሄደባት። መሀል ሐይቅ ላይ ሰጠመች፤ ባለቤቷ በዋና ተረፈ። ታዲያ ማን ተወቀሰ? ጡጫው። «ባይነካት ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ወደ ታንኳቸው በተጠጋ ቁጥር «አታሟርትብን» ይሉት ጀመር። መስጠም የሚለውን ቃል በዚያ ዳርቻ ማንሳት ራሱ ነውር ሆነ። የግድ ሲሆንባቸው «ስሙን ቄስ ይጥራው» ብለው ያልፉታል።

ሰውየውም ሰው ነውና ሰለቸው። ጎረቤት አለው፣ ዕድር አለው፤ ለቅሶ ቤት ብቻውን መቀመጥ አይፈልግም። እጁን ሰበሰበ። ታንኳውን ይሠራል፣ ይሸጣል፣ «በሰላም ግቡ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አትፍረድበት። እኔም እንደሱ የሆንኩበት ጊዜ ነበረኝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንዲት ልጅ «ራሴን ያመኛል» ብላ መጣች። ዓይኗ ሌላ ነገር ይነግረኝ ነበር። «ሌላስ ደህና ነሽ?» አልኳት። «እግዜር ይመስገን» አለችኝ። እኔም ካርዷን ጻፍኩና ኪኒን ሰጥቼ ሸኘኋት። ስሟን ዛሬም አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ተወው፣ ወደ ሰውየው እንመለስ።

በዚያ መንደር አንድ ወጣት ነበር። አባቱ ሞቶበታል፤ እናቱንና ሁለት እህቶቹን የሚያስተዳድረው እንጨት ወደ ማዶ ገበያ እያሻገረ ነው። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ እሱ ባለበት ሰው አይቆዝምም። ሲመለስ ግን ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው፤ ሌሎቹ ታንኳቸውን አንስተው ወደየቤታቸው ገብተዋል። ቤታቸው ሄዶ «ኑ አግዙኝ» ማለት ከበደው። ሁሉም የራሱ ድካም አለው፣ ለምን አስቸግራለሁ፣ ሆድ ይፍጀው አለ። ታንኳዋን እዚያው ውሃው ላይ እንዳለች አስሯት ይሄዳል። አንድ ቀን እንዲህ፣ ሁለት ቀን እንዲህ፣ አንድ ወር ሞላው። ጠዋት ጠዋት ላይዋ ላይ ደረቅ ደንገል ያነጥፍባታል። ለሚያያት ትናንት የተሠራች ትመስላለች።

አንድ የገበያ ቀን ታንኳ ሠሪው በዳርቻው ሲያልፍ ወጣቱ እንጨቱን ጭኖ ሊነሳ ሲል ደረሰ። ዓይኑ የለመደ ነውና ያቺ ታንኳ ከሌሎቹ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላ መቀመጧን አየ።

«እንደምን አደርክ?» አለው።

«እግዜር ይመስገን፣ አባባ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። ታንኳይቱስ?»

«እሷም ደህና ናት» አለና ሳቀ።

እንግዲህ በኛ አገር ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ነው። «እግዜር ይመስገን» ከተባለ በኋላ ማን ይጨምራል? ማለቱ ጥሩ ነው፣ እኔም እላለሁ። ግን የዳነም ይለዋል፣ የታመመም ይለዋል፣ ሊሞት አንድ ቀን የቀረውም ይለዋል። ሰውየውም «በሰላም ግባ» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ዳርቻው ላይ ሰው ሞልቷል፤ ቢነካት የሚሉትን ያውቀዋል። ልጁ ዛሬ ቢቀር ግን እናቱን ምን ብሎ ሊያያት ነው? ቆመ፣ አሰበ፣ ጫማውን አወለቀና ሱሪውን ሰብስቦ ገባ።

«ምን ሊያደርጉ ነው አባባ?» አለ ልጁ።

«ሆዷን ልጫነው ነው። የምትሰጥም እንደሆነ ልወቅ» አለው፤ ቃሉን ሳያድበሰብስ።

ዳርቻው ተንጫጫ። «ኧረ በስመ አብ!» አለች አንዷ። «እጅህን ሰብስብ! የሙት ልጅ ላይ ታሟርታለህ?» አለ ሌላው። ሰውየው በጡጫው ጫን አደረገ። ውሃው ከደንገሉ መካከል ቡልቅ ብሎ ክንዱን አረጠበው። ራቅ ብሎ እንደገና ጫን አደረገ፤ እዚያም ቡልቅ።

«ይኸው፣ ጠራው!» አለ አንዱ ከዳር።

ልጁ ይቆጣል ብለው ሲጠብቁ አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ከታንኳዋ ወረደና ውሃው ጠርዝ ላይ፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ያ ሳቂታ ልጅ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለ። «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ መሀል ላይ ስደርስ ውሃው እግሬን ይነካኛል። ዛሬ እንደማትመልሰኝም አውቄ ነው የጫንኩት። አንድ ሰው ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ እያልኩ ነበር።»

እጁ ውሃ ይጠራል ሲሉ የነበሩት ውሃው ከሳምንት በፊት እዚያው እንደነበረ ከባለቤቱ አፍ ሰሙ። «በስመ አብ» ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ሰውየው ልጁን አልመከረውም። «ለምን አልተናገርክም?» ብሎም አልገሠጸውም። እሱም ከጎኑ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ልጁ እስኪወጣለት አለቀሰ። ከዚያ ሰውየው ተነሳና ወደ ሕዝቡ ዞሮ «በሉ እንግዲህ፣ እኔን ከምትረግሙ ታንኳዋን አንሱ!» አላቸው።

አምስት ሰው ነው የፈጀችው። እንጨቱን አራግፈው፣ እየተጋገዙ ጎትተው፣ ከዛፍ አስደግፈው አቆሟት። ውሃው ከሥሯ ሲወርድ ዋለ። እስክትደርቅ ድረስ ሁለት ሳምንት ልጁ በሌሎቹ ታንኳ በየተራ እየተሳፈረ ሄደ፤ እናቱም አንድም ቀን ጦሟን አላደረችም። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው ሰው ሳይመለስ፣ ታንኳውም ሳይነሳ ወደ ቤት መሄድ በዚያ መንደር ቀረ። ሁሉም ተለወጠ አልልህም፤ ያንን እጅ እስኪሞት የፈራው ሰው አልጠፋም። ሰውየው ግን ሱሪውን ሰብስቦ ጠዋት ጠዋት መግባቱን ቀጠለ፤ ልጁም አግብቶ ወልዶ ዳርቻው ላይ ሲያስቃቸው ኖረ።

ምንይችል ልጄ፣ ታንኳዋ ያቺ ተማሪህ ናት። ውሃው በሆዷ የያዘችው የሞት ሐሳብ ነው። ጡጫው ጥያቄህ ነው። ጥያቄ ውሃ አያስገባም፤ ያለውን ነው የሚያወጣው። ከሌለ «ኧረ መምህር፣ እኔ እንደዚህ አላስብም» ትልሃለች። ትስቅብህም ይሆናል፤ ትሳቅብህ! ካለ ግን የሚሰማት ሰው ታገኛለች። በየስልጠናው «እንዲህ ካለች ወደዚህ ሂድ» የሚል ቀስትና ሣጥን የተሣለበት ወረቀት ሰጥተዋችኋል፤ ጥሩ ነው፣ እኔም አለኝ። ልጅቱ ፊት ለፊትህ ስትቀመጥ ግን ሣጥኑ ሁሉ ይጠፋብሃል፣ የሚቀርህ አፍህ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ጠይቄአለሁ። አንድም ልጅ «ሲስተር፣ እርስዎ ናቸው ያስታወሱኝ» ብሎኝ አያውቅም። «ተመስገን፣ ሰው ጠየቀኝ» ያሉኝ ግን ብዙ ናቸው። ልጆቻቸውን አዝለው መንገድ ላይ እየጮሁ የሚስሙኝ አሉ፤ ሰው ምን ሆነች ብሎ ዞሮ ያያል። ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?

አንድ ነገር ግን ስማ። ውሃውን አይቶ ወደ ቤት መሄድ የለም። «ለማንም አልናገርም» ብለህ ቃል እንዳትገባላት። ብቻዋን እንዳትተዋት። ቤተሰቧን አብራችሁ ጥሩ፣ ዛሬውኑ እዚህ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ኑ፤ እኔ አለሁ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያውም አለ። እርጥብ ታንኳ አንድ ሰው አያነሳትም ብዬሃለሁ። አንተም ብቻህን ላንሳ ብትል ወገብህ ይቆረጣል።

በል አሁን እኔ ልጅቱ ነኝ፤ ጠይቀኝ። ምን? «ደህና ነሽ ወይ?» እግዜር ይመስገን! አየህ፣ ዘጋሁብህ። ሌላ ሞክር። «መጥፎ መጥፎ ነገር ታስቢያለሽ ወይ?» ኧረ እባክህ ምንይችል! ፈተና ላይ መኮረጅም መጥፎ ነገር ነው። ስሙን አንተው ጥራው፣ ቄሱን አትጠብቅ። አልሰማሁህም። እንደገና። ወለሉን አትይ፣ እኔን እያየህ።

«ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?»

ይኸው! ወጣልህ። ጣሪያው አልወደቀም፣ እኔም አልሞትኩም። ፈርተሃል፤ ፍራ፣ እኔም እስከ ዛሬ እፈራለሁ። «አዎ» ካለችህ አትደንግጥባት። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» በላትና ከጎኗ ቁጭ በል።

ተነስ እንግዲህ፣ ምን ትጠብቃለህ? ልጅቱ የሚጠይቃት ሰው እየጠበቀች ነው።