የአቶ ይበልጣል ባለሙያ

እኛ አገር፣ ሰው የጓዳውን አዋቂ ሲያናንቅ ገበሬው ጣል የሚያደርጋት አንዲት ምሳሌ አለች። የወጣችው ግን ከእርሻ ማሳ እንዳይመስላችሁ፤ ከኮምፒውተር ነው።

አቶ ይበልጣል የገበሬዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። የማኅበሩን ኮምፒውተር የምትይዘው ትርንጎ ነበረች። ማሽኑ ሲቆም ጎንበስ ብላ ታስነሣዋለች፤ ለዚህም ተመስግና አታውቅም። ታዲያ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ሄደው የሌሎቹ ማኅበራት ኮምፒውተር በአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት እንደሚጠበቅ ሰሙና ቅናት ያዛቸው። ሲመለሱ ሥራውን ከረባት ላሰሩ የዚያው ድርጅት ሰዎች በውል ሰጡ። ትርንጎንም «ከእንግዲህ ኮምፒውተሩን እንዳትነኪ» ብለው ዘር እንድትመዝን መጋዘን ወረወሯት።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ሲለሰልስ ገበሬው የበቆሎ ዘሩን ሊወስድ ከነአህያው ግቢውን ሞላው። የእያንዳንዱ ድርሻ የተመዘገበው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ቀጥ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ «ጥያቄዎ ደርሶናል» ከሚል መልስ በቀር የመጣ ነገር የለም። ዘሩ ቶሎ ካልወጣ ወቅቱ ሊያልፍ ነው፤ ሰልፈኛውም አቶ ይበልጣልን በክፉ ዓይን ያያቸው ጀመር። በአራተኛው ቀን ገበሬው ይስማ ብለው፣ በረንዳ ላይ ቆመው የስልካቸውን ድምፅ ለቀው ደወሉ።

«አይጨነቁ ጌታዬ፤ ዋናዋን ባለሙያችንን በሌላ ስልክ ልጠይቅልዎ» አላቸው የድርጅቱ ሰው።

«ሰማችሁ? ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው» አሉ ወደ ሰልፉ ዞረው።

ወዲያው ከበረንዳው አጠገብ በሩ ክፍት በሆነው መጋዘን ውስጥ ስልክ ጮኸ። ትርንጎ፣ ሰልፈኛው እየሰማ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ሸጉጣ፣ ጆንያውን ሳትለቅ፣ «መጀመሪያ ያጥፉት በላቸው። ከዚያ ከኋላ ያለውን ሰማያዊ ገመድ ነቅለው መልሰው ይሰኩት» አለች።

«መጀመሪያ ያጥፉት» አለ የአቶ ይበልጣል ስልክ። «ከዚያ ከኋላ ያለውን ሰማያዊ ገመድ…»

የግቢው ሳቅ ከዳር እስከ ዳር ተንጣጣ። አቶ ይበልጣል መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ስልኩን ዘግተው ወደ መጋዘኑ ሄዱ።

«ትርንጎ፣ መቼ ነው እነሱ ዘንድ የተቀጠርሽው?»

«ኧረ አልተቀጠርኩም ጋሼ። ውሉ የተፈረመ ሰሞን ደውለው ጠየቁኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንደጠየቁኝ ናቸው። ያልጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሥራ አስኪያጁ ጆንያውን ከእጇ ተቀበሉና፣ «በይ ቢሮ ግቢ፣ ቦታሽ ላይ ተቀመጪ። ውሉንም አፈርሰዋለሁ» ብለው መመዘኑን ራሳቸው ያዙት። ዘሩም ከቀትር በፊት መውጣት ጀመረ። ከሰልፉ ፊት የነበሩት ሽማግሌ፣ አያ ደምለው፣ ሥራ አስኪያጁ የመዘኑላቸውን ዘር አህያቸው ላይ እየጫኑ፣ «እንግዲህ ለልጅ ልጅ የሚነገር አገኘን፤ የቤቱን አዋቂ የናቀ፣ አገር ዞሮ እሱኑ ጠየቀ» አሉ።