ከመብራቱ ሥር ያለው ወንበር

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምሬ አድማሱ፣ ዘሪቱ ጥያቄዋን ጨርሳ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ።

የጠየቀቻቸው ይህን ነበር። አንድ ልጇ አበጀ ሊሰደድ ተነሥቷል፤ ነገር ግን «እናቴ ካልመረቀችኝ አልሄድም» ብሏል። በበረሃ አድርጎ ባሕር የሚያሻግረው ሰውዬ ነገ ጠዋት መልስ ይፈልጋል። «አንቺ ብቻ መርቂው እመቤቴ፣ መንገዱ አልጋ በአልጋ ነው» ይላታል። በሌላ በኩል ጋራዥ ያለው የገዛ ወንድሟ «አብደሻል ወይ? ልጁን ለእኔ ስጪኝና ሙያ ይማር!» ብሎ ጮኾባት ሄዷል። አንዱ በማር አንደበት፣ አንዱ በስድብ፤ ሁለቱም ግን ቅንጣት ሳይጠራጠሩ ነው የሚናገሩት። «እንግዲህ አባቴ፣ የማንን ልመን?» አለች።

መምሬ ጭራቸውን ከጭናቸው ላይ አኑረው ቀጠሉ። ምሳሌ ከጀመሩ ማንም እንዲያቋርጣቸው አይወዱም።

አንድ ሰው ነበረ፤ እህል ነጋዴ። ዕድሜውን በሙሉ በኪራይ ቤት ኖሮ በስተርጅናው ቤት ሠራ። ቤቱ እንዳለቀ የአንዲት ሴት ልጁ ሠርግ ደረሰ፤ መልሷም በአዲሱ ሳሎን እንዲሆን ቆረጠ። አየሽ፣ አባት ነው። ልጁ ከሙሽራው ጋር መሐል ሳሎን ተቀምጣ፣ ዘመድ ሁሉ «እሰይ፣ ለዚህ በቃህ!» እንዲለው ነው የፈለገው። በዚህ ማንም አይፈርድበትም። ስለዚህ ከከተማ ትልቅ መብራት አስመጣ፤ ከጣራ የሚንጠለጠል፣ ክንዱ የበዛ፣ ብርጭቆው እንደ ወይን ዘለላ የተንዠረገገ። ከመኪና ያወረዱት ሁለት ጎረምሶች ተጋግዘው ነው። መብራቱ ከሚሰቀልበት ቦታ ሥርም የሙሽሮቹን የከፈይ ወንበሮች አስቀመጠ።

«መብራት የሚሰቅል ሰው ፈልጉልኝ» አለ። ተገኘ፤ ደግሞ ምን የመሰለ ሰው! ሲገባ እስከ መሬት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ነጋዴውን «ጌታዬ»፣ ሚስቱን «እመቤቴ» ይላል። «ኮርኒሱ ይችለዋል ወይ?» ቢሉት «ችግር የለም!» «ወጥ እየሠራን ነው፣ መብራት ልታጠፋብን ነው?» ቢሉት «ኧረ ምን ሲደረግ! ሥራችሁን ሥሩ፣ ችግር የለም!» ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም። መሰላሉን አቆመ፣ ወጣ፣ ካቻቢቴውን አሽከረከረ፣ ወረደ። ማብሪያውን ሲጫኑት ሳሎኑ ቦግ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰው የማያመሰግኑት የነጋዴው አማት እንኳ «እጅህ ይባረክ» አሉት።

ምሳ ቀረበ። የሠራን ሰው ሳያበሉ መሸኘት የት አገር አለ? ነጋዴው ደስ ብሎት «ና ወደ ላይ! ከሥራህ ሥር ተቀመጥ፤ ዛሬ ሙሽራው አንተ ነህ» ብሎ ከከፈይ ወንበሮቹ አንዱን አሳየው። ሰውየው «ኧረ በማርያም! እኔ ማን ነኝና? እዚችው ትበቃኛለች» ብሎ ከበሩ አጠገብ ባለች ዱካ ላይ ቁጢጥ አለ። ቢለምኑት፣ ቢጎትቱት፣ ወይ ፍንክች! አማቱ ተደነቁ። «እንዲህ ያለ ጨዋ ዛሬም አለ? ቦታውን የሚያውቅ! የወለደችህ ትባረክ» ብለው መረቁት። ነጋዴው ግን አንድ ነገር አየ፤ ሰውየው በጉርሻ መሐል ቀና እያለ መብራቱን ይመለከታል። «በሥራው ኮርቶ ነው» ብሎ ተወው። እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው።

በማግሥቱ ነጋዴው በሳሎኑ ሲያልፍ ከሙሽሪት ወንበር ላይ የእንጨት ብናኝ አየ። ጠረገው። ከሰዓት ሲመለስ ደግሞ ሌላ ብናኝ። ልቡ ድንግጥ አለ። ያን ጨዋ ሰው ስልክ ቢደውልለት «አዲስ ቤት አይደል ጌታዬ? ያራግፋል፣ ችግር የለም» አለው። «እስቲ ብቅ ብለህ እይልኝ» ሲለው ግን ሥራ በዝቶበታል፣ እሩቅ አገር ነው፣ አይመቸውም።

የመልሱ ድግስ ደርሷል። እንግዳው ተጠርቷል፣ በሬው ታስሯል። ሚስቱ «አንተ ሰው፣ ደስታው አስፈርቶህ ነው» ብላ ልታረጋጋው ሞከረች። እሱ ግን ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ልጁ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትስቅ ያያታል፤ ከአናቷ በላይ ደግሞ ያ ሁሉ ብርጭቆ አለ። አላስቻለውምና ጎረቤቱን አማከረ። «አንድ የማውቀው ሰው አለ» አለ ጎረቤቱ፤ «እጁ ወርቅ ነው፣ ምላሱ ግን እሬት። ትችለዋለህ?»

«ልጄን ከምቀብር ስድብ ልጥገብ! አምጣው» አለ ነጋዴው።

መጣ። ሰላምታው ራሱ ግልምጫ ነው። ወደ ላይ አንጋጦ አየና «ይሄን የሰቀለላችሁ ሰው ደመኛችሁ ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ቆጣሪው ሄዶ የቤቱን መብራት በሙሉ ድርግም አደረገው። ማድ ቤት ያሉት ሴቶች «ወጣችን! ወጡ ምድጃ ላይ ነው እኮ!» ብለው ጮኹ። «ወጥ ሌላ ይሠራል፤ እኔ ከተቃጠልኩ ግን ሚስቴ ሌላ አታገኝም» አላቸው። አማቱ አማተቡ።

መሰላሉ ላይ ወጥቶ መብራቱን በትከሻው ደገፈና ብሎኑን በጣቱ ሳብ አደረገው። ብሎኑ ከነኮርኒሱ ቁራጭ ተነቅሎ መዳፉ ላይ ቀረ። ካቻቢቴ እንኳ አላስፈለገውም። «እየው» አለው ነጋዴውን፤ «ኮርኒስ ጣራውን ይሸፍናል እንጂ ዕቃ አይሸከምም። የሚሸከመው ከእሱ በላይ ያለው የጣራው እንጨት ነው። ሰውዬህ እዚያ ድረስ መውጣት ሰንፎ ነው።» ከልጁ ወንበር በላይ መብራቱን ይዞት የቆየው ስስ ጣውላ ብቻ ነበር።

መብራቱን አወረዱ። ሰውየው ከኮርኒሱ በላይ ገባና ሲያስል፣ ሲያማርር፣ ሲያንኳኳ ዋለ። ከአንዱ የጣራ እንጨት እስከ ሌላው ድረስ ወፍራም ግንድ አጋድሞ በምስማር መታ፣ መንጠቆውን በእሱ ላይ አጠበቀ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ጠቅልሎ ሸፈነ። ሲወርድ ፀጉሩ ሁሉ የሸረሪት ድር ነበር። መብራቱን መልሰው ሰቀሉና ቆጣሪው ጋ ሄዶ ለቀቀው። ሳሎኑ ቦግ አለ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ፣ ልጄ፤ ብርሃኑ ያው የፊተኛው ብርሃን ነው። ከታች ሆኖ ለሚያየው ሁለቱ ሥራ አንድ ነው።

ነጋዴው ታዲያ በምን ይመን? አንዴ ተታሏል። «አሁንስ ይይዛል? እርግጠኛ ነህ? የፊተኛውም ችግር የለም ብሎኝ ነበር» አለው።

ሰውየው አልማለም፣ አልተገዘተም። የሙሽሪትን የከፈይ ወንበር ሳብ አድርጎ ልክ ከመብራቱ ሥር አስተካከለና ከነአቧራው ዘፍ አለበት። እግሩን ዘረጋና «ምሳ የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አለ።

«አበስኩ ገበርኩ! በሙሽራ ወንበር! ይሄ ስድ!» ብለው አማቱ ሊያስነሡት መጡ። ነጋዴው ግን እጃቸውን ያዘ። ያን ጊዜ ነው የገባው። የፊተኛው ከበሩ አጠገብ ቁጢጥ ያለው ለትሕትና አልነበረም፤ የሰቀለውን ያውቅ ነበር። በጉርሻው መሐል ቀና ቀና ሲል የነበረው መቼ እንደሚወድቅ እየጠበቀ ነው። እነሱ ደግሞ ፈሪውን ጨዋ ብለው እናቱን ሳይቀር መረቁለት! ነጋዴው ሳቁም መጣ፣ እንባውም መጣ። ሁለተኛውን ወንበር ስቦ ከዚያ ባለጌ ጎን፣ ከመብራቱ ሥር ተቀመጠና «ምሳ አምጡ» አለ።

ልጅቷም በመልሷ ቀን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ተመረቀች። ያ አፈ እሬት ሰው ተጋብዞ ነበር። ከአጠገቧ ሆኖ ሲበላ፣ ሲያማርር ዋለ፤ አንዴም ግን ወደ ላይ ቀና አላለም።

መምሬ አድማሱ ጭራቸውን አንሥተው ወደ ዘሪቱ ዞሩ።

«እንግዲህ አንቺ» አሉ፤ «እውነተኛውን መካሪ በንግግሩ ልትለዪው ፈለግሽ። በንግግሩ አይለይም። የት እንደሚቀመጡ እዪ። ያ በረሃውን አልጋ በአልጋ ነው የሚልሽ ሰውዬ፣ ልጆች አሉት?»

«አሉት አባቴ። የአበጀ እኩዮች ናቸው።»

«በዚያ መንገድ የትኛውን ላከ?»

«ትልቁ ሱቅ ከፍቷል። ታናሹ ይማራል» አለች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «እዚሁ ናቸው።»

«ከበሩ አጠገብ አስቀምጧቸዋል በያ! ያ ተሳዳቢ ወንድምሽስ የራሱን ልጅ የት አዋለው?»

«ከእሱው ጋር፣ ከጋራዡ።»

«አበጀንስ የት ላድርገው አለሽ?»

«"ከልጄ ጎን መኪና ሥር ይተኛና ዘይት ይንጠብበት፣ ያኔ ልብ ይገዛል" ብሎ ነው የሰደበኝ» አለችና በእንባዋ መሐል ሳቀች።

«አየሽ? መካሪ ማለት መብራት ሰቃይ ነው ልጄ። ምክሩን በሰው ልጅ አናት ላይ ሰቅሎ የራሱን ልጅ ከበር የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ እጅ መንሣቱ አያታልልሽ። የራሱን ሰው ከሥሩ ካስቀመጠ ግን ስድቡን ችለሽ ስሚው። ደግሞ ተሳዳቢ ሁሉ አዋቂ ነው አላልኩሽም! ተሳድቦም ከበር የሚቀመጥ ሞልቷል። ወንበሩን እዪ ነው የምልሽ።»

ዘሪቱ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። መስቀል ተሳለመች። ስትመጣ የነበረው የፊቷ ጭንቀት አሁን የለም።

«ሰውየው ነገ ጠዋት ይመጣል» አለች። «ደህና አድርጌ ቁርስ አቀርብለታለሁ። ከዚያ አበጀ ከጎኔ ቆሞ እየሰማ፣ "ከልጄ ጋር የምትልከው የትኛውን ልጅህን ነው?" ብዬ እጠይቀዋለሁ።»